ተጎድቶ ያረፈ ሯጭ ሰነፍ አይባል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገፃችሁን ሳላነብ የማልፈው ሳምንት የለም፣ ሰሞኑን ደሞ ታላቁ ሩጫ እየደረሰ ስለሆነ ለ10 ኪሎ ሜትሩ እንዴት እንደምንዘጋጅ ያወጣችሁትን ፅሁፍ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ፅሁፍ ነው፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምንሮጥ፣ ምን እንደምንበላ፣ ውሃ መቼ እንደምንጠጣ ሁሉ አለበት። ግን አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁበት። እግሩን ያመመው ሰው ምን ያድርግ? መቼ ያቁም? ካቆመ በኋላስ ምን እያደረገ ይቆይ፣ መቼስ ይመለስ? ስለዚህ አንድ መስመር እንኳን የለም። እኔ ደሞ አሁን የቅልጥም አጥንቴ ተሰንጥቆ በሐኪም ትእዛዝ ከሩጫ ያረፍኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ በጣም ከነከነኝ፣ ለዛ ነው ይሄን ደብዳቤ የምፅፍላችሁ፣ ቢረዝምም ታገሱኝ።

እኔ አትሌት አይደለሁም። ቢሮ ውዬ የምገባ የልጆች አባት ነኝ። ግን ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር ሳይነጋ ተነስተን እንጦጦ ባህር ዛፉ ውስጥ እንሮጣለን፣ እሁድ ሲሆን ደሞ መኪና ያለው መኪናውን ያወጣና ወደ ሱሉልታ ወይ ወደ ሰንዳፋ እንሄዳለን፣ እዛ ክለብ ያላቸውም የሌላቸውም ወጣቶች በቡድን በቡድን ሆነው ሲሰሩ እናገኛቸዋለን፣ ከብዙዎቹ ጋር ሰላምታ አለን፣ ሻይም አብረን እንጠጣለን። ስለዚህ የኛንም የነሱንም ጉዳት በቅርብ አያለሁ። እና እስካሁን ያየሁት ነገር ያው ነው፣ እኛ ጋ ተጎድቶ ማረፍ ከሩጫ ስራ ውስጥ አይቆጠርም። ያረፈው ሰው ወይ ሰነፈ ይባላል ወይ አለቀለት ይባላል፣ ሦስተኛ ነገር የለም።

የኔን ልንገራችሁ። ቅልጥሜ ላይ ህመም ተሰማኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፣ ሐኪሙ አልጋው ላይ አስቀምጦኝ በአውራ ጣቱ ከቁርጭምጭሚቴ ጀምሮ አጥንቱን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተጫነ መጣ፣ "እዚህስ? እዚህስ?" እያለ፣ እኔም የለም የለም ስለው ቆየሁና አንዷ ቦታ ላይ ሲደርስ ሳላስበው እግሬን ከእጁ መነጨቅኩት። የአንድ ሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ናት፣ ከሷ በላይም ከሷ በታችም ምንም የለም። ከዛ ራጅ አስነሳኝ፣ ራጁ ንፁህ ሆነ፣ እኔም እፎይ ልል ስል ሐኪሙ ራጅ ንፁህ ሆነ ማለት አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም አለኝ። ለካ እንዲህ አይነቱ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ በደንብ ሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። ኤምአርአይ ደሞ ዋጋውን ታውቁታላችሁ፣ ለኔም ከብዶኛል፣ ካምፕ ውስጥ ላለ ልጅ ጭራሽ ሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ራጅ ተነስቶ "ምንም የለብህም" የተባለ ልጅ በነጋታው ልምምድ ይገባል ማለት ነው።

ይሄን እንኳን ብታወጡልን ስንት ሰው ይጠቀም ነበር። ህመሙ ቅልጥሙ ላይ በረጅሙ ተዘርግቶ ሚያም ከሆነ፣ ሲሞቅም ቀለል ሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ አጥንቱን የያዘው ስጋና ሽፋኑ ነው የተቆጣው፣ እሱ ልምምድ ሲቀነስለት ቶሎ ይሻለዋል። በአንድ ጣት መርጣችሁ ልታሳዩት ምትችሉት አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ግን፣ በሮጣችሁ ቁጥር ሚብስ ከሆነ፣ በተለይ ደሞ ሌሊት ተኝታችሁም ሚጠዘጥዛችሁ ከሆነ፣ እሱ አጥንት ነው ብላችሁ ቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። ብሽሽት ውስጥ ጠለቅ ብሎ ሚሰማ ህመምማ ጭራሽ አይናቅ፣ የጭን አጥንት አንገት ላይ ያለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ እየሮጡበት ለይቶለት ከተሰበረ ኦፕራሲዮን ነው።

አጥንት በሩጫ ብዛት ጥቃቅን መሰነጣጠቅ ይደርስበታል፣ ይሄ በራሱ በሽታ አይደለም፣ ሰውነት በእረፍት ሰአት ያንን እየደፈነ አጥንቱን ከበፊቱ የበለጠ ያጠነክረዋል። ችግሩ ሚመጣው ጉዳቱ ከጥገናው ሲቀድም ነው፣ ምርጊቱ ሳይደርቅ በየቀኑ ዝናብ እንደሚመታው ግድግዳ ማለት ነው። ለዛ ነው ክረምቱን ሙሉ ተቀምጦ የቆየ ሰው የታላቁን ሩጫ ቲሸርት ሲወስድ በአንዴ ተነሳስቶ በየቀኑ አስፓልት ላይ መሮጥ ሲጀምር ቶሎ ሚጎዳው፣ ልቡና ሳንባው በሁለት በሦስት ሳምንት ይለምዱለታል፣ አጥንቱና ጅማቱ ግን ወራት ነው ሚፈልጉት። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወረድ ደሞ እግር ላይ ሚያርፈው ጫና ይብሳል፣ ዳገቱ ሚያደክመው ልብን ነው፣ ቁልቁለቱ ሚጎዳው እግርን ነው። ጫማውንም እንጨምርበት፣ ብዙዎቻችን ሶሉ ያለቀ ሰልባጅ ነው የምንሮጥበት።

እንግዲህ ሐኪሙ አቁም አለኝ፣ እኔም አቆምኩ። ከዛ በኋላ የሰማሁትን ወሬ ብነግራችሁ ይገርማችኋል። አንዱ "ባክህ ትንሽ ብትታሽለት ይለቅሃል፣ እኔ ጥሩ ወጌሻ አውቃለሁ" ይላል፣ አንዱ "ፈረንጅ ሐኪም ሁሌ ማረፍ ነው ሚያውቀው" ይላል፣ ሐኪሜ ሀበሻ ነው እኮ፣ ሌላው ደሞ "እድሜም እየገፋ ነው" ብሎ ትከሻዬን ይመታኛል። ወጌሻን እኔ አልንቅም፣ የወለቀ ትከሻ በደቂቃ የመለሱ ሰዎች አይቻለሁ፣ አባቶቻችን በነሱ ነው የዳኑት። ግን የተሰነጠቀ አጥንት ላይ በቅባት ማሸት ምንም አይጠግነውም፣ ቦታውን ማስቆጣት ብቻ ነው ትርፉ። ጓደኞቼ ክፉ አስበው አይደለም እንዲህ ሚሉኝ፣ ይወዱኛል፣ አብሬያቸው እንድሮጥ ፈልገው ነው። ግን ለኔ ለትልቁ ሰውዬ፣ ደሞዙ ከሩጫ ለማይመጣው፣ እንዲህ ከተባልኩ እንጀራው በእግሩ ለሆነው ልጅ ምን ይባል ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ሳልቆይም አየሁት። በቀደም ፋርማሲ ገብቼ ከፊቴ ቱታ የለበሰ ቀጭን ልጅ ቆሟል፣ ሃያ አመትም አይሞላው። "ዲክሎ አለ?" አለ፣ ዲክሎፌናክ ሚባለውን ህመም ማስታገሻ ማለቱ ነው። ፋርማሲስቷ "ኪኒኑን ነው መርፌውን?" ስትለው "መርፌውን" አለ። "ማዘዣ ይዘሃል?" አልያዘም። "ምንህን ነው?" ስትለው ጎንበስ ብሎ ቱታውን ሰበሰበና በአንድ ጣቱ ቅልጥሙን ነካ አደረጋት፣ እኔን ሐኪሙ የነካኝ ቦታ አካባቢ ማለት ይቻላል። መርፌውን አልሰጠችውም፣ እግዜር ይስጣት፣ ኪኒን ገዝቶ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጥቼ "ወንድሜ እግርህን ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "ስሮጥ ይሞቅና ይተወኛል ጋሼ፣ ማታ ማታ ግን አያስተኛኝም" አለኝ። አሰልጣኝህ ያውቃል ወይ ስለው "አይ ጋሼ፣ ከነገርኩትማ ለውድድሩ አያስገባኝም፣ በኔ ቦታ ሌላ ልጅ ይገባል" አለኝ። ሐኪም የነገረኝን ሁሉ ነገርኩት፣ በአክብሮት ሰማኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። በማግስቱ እንደሚሮጥ ግን ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ዲክሎፌናክ ህመሙን እንጂ ስንጥቁን አያክምም። ህመሙ ደሞ "ተው" ሚለን ነገር እሱ ብቻ ነው፣ እሱን ዝም ካሰኘነው አጥንቱ ለይቶለት እስኪሰበር ምንም አንሰማም። ከዛ ውጪ ጨጓራ ላይ ሚሰራው ስራ አለ፣ ውሃ ሳይጠጡ ረጅም ርቀት ለሚሮጡ ልጆች ደሞ ኩላሊትም ላይ አደጋ አለው። ሌላም አለ፣ ስሙ ያልተነገራቸው መርፌ ለሚወጉ ልጆች ማለቴ ነው። ዲክሎፌናክ የተከለከለ መድሃኒት አይደለም፣ ግን ህመም ማስታገሻ ተብሎ ሚሰጥ መርፌ ውስጥ ኮርቲዞን ሚባለው ዘር ሊኖር ይችላል፣ እሱ ደሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በየትኛውም አይነት መርፌ ቢወሰድ በውድድር ሰአት ክልክል ነው። ልጁ አላወቅኩም ቢል ሚሰማው የለም፣ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘ ነገር ተጠያቂው ራሱ ነው። አንድ የታመመ እግር ይዞ የገባ ልጅ ዶፒንግ ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው።

የሴቶቹ ደሞ የባሰ ነው። የአክስቴ ልጅ ክለብ ውስጥ ናት፣ የክለቡን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም የአንድ ክለብ ችግር ብቻ አይመስለኝም። እሷም ባለፈው አመት እግሯ ተሰነጠቀ፣ ሲሻላት ተመለሰች፣ ብዙም ሳትቆይ ሌላ ቦታ ላይ ተሰነጠቀ። ቤታችን መጥታ ከባለቤቴ ጋር ቡና እየጠጡ ሲጫወቱ ነው ነገሩ የወጣው፣ የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። "ክለብ ነግረሻል ወይ" ስትላት "ለወንድ አሰልጣኝ እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ደሞ እኮ ብዙዎቻችን እንደዛ ነን፣ ኮንዲሽን መጣ ማለት ነው ይባላል" አለቻት። ኮንዲሽን መምጣት አይደለም! ሴት ልጅ ከምትበላው በላይ ስትሮጥ ሰውነቷ የወር አበባውን ያቆመዋል፣ ያኔ አጥንትን ሚጠብቀው ሆርሞንም ይቀንሳል፣ አጥንቷ ይሳሳል፣ በትንሽ በትልቁ ይሰነጠቃል። ይሄን ማንኛውም ሐኪም ይነግራችኋል። እሷን መፍትሄ ሚሆናት ጊዜ ሰጥቶ እንድታርፍ ማድረግና በደንብ ማብላት ነው እንጂ ሌላ ምንም የለም፣ ፆም ላይ ብትሆን እንኳን ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሰሊጥ አለ፣ መጠኑ ይብዛላት፣ ቁምነገሩ እሱ ነው። እሷ ግን ሁለተኛ ስትጎዳ ክለቡ ምን አላት መሰላችሁ፣ ኮንትራትሽ ሊያልቅ ነው፣ እስከዛ ውጤት ካላመጣሽ አናድስም። ከደሞዟ ለእናቷ ትልካለች። እንግዲህ እቺ ልጅ ትረፍ ወይስ ትሩጥ? እስቲ እናንተ ፍረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኛ የሩጫ ሀገር ነን ስንል ሚታወሰን ወርቁ ነው። ከወርቁ ጀርባ ግን "እኔ ዛሬ አልችልም" ያለ ሰው አለ፣ ስለሱ አናወራም። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ ማራቶኑን በ2:06:26 የኦሎምፒክ ሪከርድ አድርጎ ሲያሸንፍ ሁላችንም ጨፍረናል፣ ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል በኋላ ለ24 አመት የጠበቅነው የወንዶች ማራቶን ወርቅ ነበር። ታምራት ግን መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። የገባው ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ነው። ሲሳይ ማለት በዛው አመት ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው፣ ከዛ በፊት ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48 የሮጠ ሰው ነው፣ ኦሎምፒክ ለአንድ አትሌት በአራት አመት አንዴ ነው ሚመጣው፣ ከፈለገ መርፌውን ተወግቶ መስመር ላይ መቆም ይችል ነበር፣ 20 ኪሎ ሜትር ላይ አቋርጦ ቢወጣም ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን ተጎድቻለሁ ብሎ ቦታውን ለጤነኛው ለቀቀ። እኔ ይሄን ከድል አላሳንሰውም። እውነቴን ነው ምላችሁ፣ በዛ ሰሞን ስለ ታምራት የተፃፈውን ያክል ግማሹ እንኳን ስለ ሲሳይ ተፅፎ ቢሆን ኖሮ ያ ፋርማሲ ያገኘሁት ልጅ ለአሰልጣኙ እግሬን አሞኛል ለማለት እንዲህ ባልፈራ።

አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ፣ ሮምንና ቶኪዮን ያሸነፈው አበበ፣ እግሩን ታሞ ነበር የገባው፣ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና በ2:20:26 አሸነፈ፣ ለኢትዮጵያም ሦስተኛው ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ሆነ። አበበ ለሀገሩ ብሎ እግሩን እየጎተተ ካልጨረስኩ አላለም፣ አበበንም በዛ ምክንያት ያነሰ ጀግና ያደረገው ሰው የለም።

ታላቁ ሩጫንም ካነሳን አይቀር፣ የመጀመሪያውን፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2001 የተደረገውን፣ ያሸነፈው ሃይሌ ገብረሥላሴ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ከዛ በፊት የነበረውን አመት ግን ስንቱ ያስታውሳል? ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ10 ሺው ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ ወርቁን ሲያጠልቅ የተረከዙን ጅማት ታሞ ነበር፣ ከዛ በኋላ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ወራት ሙሉ ሳይወዳደር ቆየ፣ በነሐሴ ኤድመንተን የአለም ሻምፒዮና ላይ ሲመለስ ሦስተኛ ወጣ፣ ያኔ "ሃይሌ በቃ አበቃለት" ሲባል እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጥቅምት ብሪስቶል ላይ የአለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ፣ በኅዳር ደሞ መስቀል አደባባይ መጥቶ ከኛ ጋር ሮጦ አሸነፈ። በኋላ በማራቶን በርሊን ላይ ሁለት ጊዜ የአለም ሪከርድ የሰበረው ያው በኦፕራሲዮን የተመለሰው ሰውዬ ነው።

ቀነኒሳንም እናንሳ። ጥጃ ስጋው ተጎድቶ ከአንድ አመት ተኩል በላይ ሳይወዳደር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ዴጉ የአለም ሻምፒዮና ላይ በ10 ሺው ሲመለስ መሃል ላይ አቋርጦ ወጣ፣ ስንቱ ያኔ አለቀሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ብራስልስ ላይ 26:43.16 ሮጠ፣ የዛ አመት ፈጣኑ ሰአት ነው። ከዛም በኋላ ጉዳት ተመላልሶበታል፣ ግን በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41 ገባ። ደራርቱ ከባርሴሎና ወርቅ በኋላ ጉልበቷን ታማ ሁለት አመት ያክል ከውድድር ርቃ ነበር፣ በ1995 ተመልሳ የአለም አገር አቋራጩን አሸነፈች፣ ሲድኒ ላይም የኦሎምፒክ ወርቁን ደገመችው። አልማዝ አያና ከሪዮ በኋላ ጉልበቷ ስንት አመት እንዳሰቃያት እናውቃለን፣ ወለደችም፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን 2:17:20 ሮጣ አሸነፈች። እነዚህ ሁሉ ሰዎች እረፍት ላይ በነበሩባቸው ወራት ስለነሱ የተፃፈውን ወደኋላ ሄዳችሁ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም፣ ካገኛችሁም "የት ገባች" ሚል ነው። እንዴት እንዳገገሙ፣ ማን እንዳከማቸው፣ በቀን ምን ይሰሩ እንደነበረ፣ ማን ደሞዛቸውን እንደከፈለ የፃፈልን የለም። ለወጣቱ ሚጠቅመው ግን እሱ ነበር።

ማረፍ ስንል ደሞ አልጋ ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ማየት የሚመስለው ሰው አለ፣ እሱም መታረም አለበት። ሁሉም ጉዳት አንድ አይነት እረፍት አይፈልግም። የተረከዝ ጅማት ለምሳሌ ጭራሽ ካቆሙለት አይጠነክርም፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ማንሳትና ማውረድ ነው መድሃኒቱ፣ በባለሙያ ተለክቶ። የተሰነጠቀ አጥንት ግን መሬት መምታትን ጭራሽ አይፈልግም፣ ለቅልጥም አጥንት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው ሚባለው፣ የቅልጥም ፊት ለፊቱ ላይ ከሆነ ግን ከዛ በጣም ይረዝማል። እስከዛ ድረስ ጂም ውስጥ ሳይክል ነው ምሰራው፣ ዋና የሚችል ይዋኝ፣ የወገብና የዳሌ ስፖርት አለ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠችኝ ወረቀት ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል፣ ልጆቼ ሳይቀሩ ይሰሩታል። ኮንዲሽኔ ሊጠፋ ነው ብሎ ሚጨነቅ ሰው ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚጠፋው ትንሽ ነው፣ ከዛ በኋላ በርግጥ ይቀንሳል፣ ግን አንዴ የተሰራ ሰውነት ከባዶ ከሚጀምረው በፊት ነው ሚመለሰው፣ ሳይክል እየሰራ የቆየ ደሞ አብዛኛውን ይዞት ይቆያል። ስትመለሱ በአስፓልት አትጀምሩ፣ ሰላሳ ደቂቃ ያለ ምንም ህመም በእግር መሄድ ሲቻል ነው አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ጥቂት ደቂቃ እርምጃ እየተባለ፣ ቀን እየዘለሉ፣ ለስላሳ አፈር ላይ ሚጀመረው። የታመመው ቦታ እንደገና ከተናገረ ደሞ ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ አትከራከሩት።

አንዳንድ ሰው ምን ይለኛል፣ እኛ እኮ በችግር የሮጥን ህዝቦች ነን፣ በባዶ እግር የሮጥን ነን፣ ህመምን መቻል ነው ያሳደገን። እኔ ፅናትን አልቃወምም፣ ዳገት ላይ ሳንባ ሲቃጠል መቻል አለ፣ ድካምን መቻል አለ፣ ያለሱ ሯጭ የለም። የድካም ህመምና የስብራት ህመም ግን አንድ አይደሉም፣ ሁለቱን ለይቶ ያላሳወቀ አሰልጣኝ ልጁን አስተማርኩት ሊል አይችልም። ስንቱ ጎበዝ ልጅ ነው በ19 በ20 አመቱ በዚህ ምክንያት ሩጫ ያቆመው፣ ሰንዳፋ ሄዳችሁ ሻይ ቤቶቹ ውስጥ ብትጠይቁ በየጠረጴዛው ስም ይጠሩላችኋል፣ ከአንዳንዱማ ጋር ራሱ ትገናኛላችሁ፣ ባጃጅ እየነዳ ነው።

ስለዚህ ምለምናችሁ ይሄን ነው። አንደኛ ከታላቁ ሩጫ በፊት ባሉት ሳምንታት አንድ የስፖርት ሐኪም ወይ ፊዚዮቴራፒስት ጋብዛችሁ ስለ ጉዳት ብቻ አንድ ሙሉ ገፅ አውጡልን፣ በሚገባን ቋንቋ፣ የትኛው ህመም ያስቆማል የትኛው አያስቆምም ሚለውን። ሴት ሐኪም ብትሆን ደሞ የሴቶቹን ጉዳይ ሳትፈራ ትፅፈዋለች። ከዛ ጋዜጠኞቻችሁ ክለቦቹን ሄደው ይጠይቁልን፣ አትሌት ሲጎዳ ደሞዙ ይቀጥላል ወይ፣ ህክምናውን ማን ይሸፍናል፣ ኮንትራቱ ላይ ስለ ጉዳት ተፅፏል ወይ፣ ስንት ክለብ ነው ፊዚዮቴራፒስት ያለው። መልሱን ከነክለቡ ስም አትሙት። ፌዴሬሽኑም ይጠየቅ፣ ደራርቱን የመሰለች በጉዳት አልፋ የተመለሰች ሰው ያፈራ ስፖርት ነውና ይሄ ነገር አይጠፋቸውም፣ በኮንትራት ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ግን የነሱ ስራ ነው።

ቲሸርት ወስዳችሁ የተጎዳችሁ ካላችሁ ደሞ፣ እኔም አንዱ ነኝ፣ ዘንድሮ ባንሮጥ ምንም አይደለም፣ ቲሸርታችንን ለብሰን መንገድ ዳር ቆመን እናጨበጭባለን፣ ሚሮጠው ሰው ሚፈልገው ያንንም ነው። የጠየቅኳችሁ ገፅ ግን ከሩጫው በፊት ባሉት እትሞች ይውጣ፣ ከዛ ካለፈ ለዘንድሮው ሯጭ አይደርስለትም። ፊዚዮቴራፒስቷን ጠይቄያት መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ ብላለች፣ ስልኳን በፖስታው ውስጥ ለብቻ አድርጌዋለሁ።

አክባሪያችሁ
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ